የተሽከርካሪ አደጋና ሕጋዊ ውጤቱ፡ አሽከርካሪዎችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘው አሪቻ በቡናዋ የታወቀች ቀበሌ ናት። የቡና መልቀሚያ ወቅት ሲደርስ እሸት ቡና የጫኑ አይሱዙዎች፣ ሞተር ሳይክሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች በጠባቡና ጠመዝማዛው የገጠር መንገድ ከእግረኞችና ከጭነት እንስሳት ጋር ይጋፋሉ። መንገዱ ዝናብ ሲጥልበት ይንሸራተታል። ከዚያ ወጥተው የሚደርሱበት ደግሞ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላና በይርጋጨፌ አድርጎ እስከ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ከባድ ተሽከርካሪዎች በብዛት የሚመላለሱበት ይህ ጎዳና በየከተማው መካከል ሰንጥቆ ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን አጥተዋል። አደጋው ከደረሰ በኋላ አሽከርካሪው የሚወስዳቸው እርምጃዎች የተጎጂውን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የራሱን ሕጋዊ ዕጣም የሚወስኑ ናቸው።

አደጋ እንደደረሰ የሚወሰዱ እርምጃዎች

አሽከርካሪው በቅድሚያ ተሽከርካሪውን ማቆም፣ ተጎጂውን መርዳትና በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም እንዲደርስ ማድረግ ይኖርበታል። ከአሪቻ አካባቢ ከበድ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ቀጥሎ አደጋውን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ተጎጂን ለማዳን ካልሆነ በስተቀር የትራፊክ ፖሊስ ቦታውን ለክቶ ፕላን ሳያነሳ ተሽከርካሪውን ማንቀሳቀስ ወይም የጎማ ምልክቶችንና ስብርባሪዎችን ማጥፋት አይገባም። ማስረጃው መጥፋቱ ጥፋት የሌለበትን አሽከርካሪ ጭምር ይጎዳል።

ተጎጂን ጥሎ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ የሚገኝን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ሳይረዳ የተወን ሰው የሚቀጣ ሲሆን፣ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ጥሎ የሄደው ሰው ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። በአንጻሩ ተጎጂን መርዳትና የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስ በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ከሚያቃልሉ ምክንያቶች መካከል ይቆጠራል።

የወንጀል ኃላፊነት

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በደረጃ ለይቶ ይደነግጋል። እንደ አሽከርካሪና ሐኪም የሌላውን ሰው ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ካደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና ከብር 3,000 እስከ 6,000 በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል።

የሞቱት ሰዎች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ አሽከርካሪው ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም በአልኮል መጠጥና በሚያፈዝዝ ዕፅ ራሱን ካሳተ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከብር 10,000 እስከ 15,000 መቀጮ ይደርሳል። የሰው ሕይወት ሳይጠፋ የአካል ጉዳት ብቻ ሲደርስም በአንቀጽ 559 መሠረት አሽከርካሪው ይጠየቃል።

የካሳ ኃላፊነት

ካሳን በሚመለከት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የተለየ መንገድ ይከተላል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ለደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚድነው ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር፣ ወይም ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት መሆኑን ሲያስረዳ ነው። የተጎጂው ጥፋት ከፊል ከሆነ ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩም አንደኛው አሽከርካሪ ጥፋተኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር በአንቀጽ 2084 መሠረት ኪሳራውን ሁለቱም ባለቤቶች እኩል ይሸከማሉ።

ሟች ቤተሰብ ያስተዳድር ከነበረ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ የመተዳደሪያ ካሳ የመጠየቅ መብት አላቸው። የሕሊና ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከብር 1,000 እንዳይበልጥ ተገድቧል። የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ያው ጊዜ ተፈጻሚ ይሆናል። አሽከርካሪው በወንጀል ችሎት በነጻ መሰናበቱም የካሳ ጥያቄውን በራሱ አያስቀርም።

የሦስተኛ ወገን መድን

በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 የተጀመረውና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተተካው ሥርዓት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። የጤና ተቋማት ለተጎጂዎች አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪ ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ተጎጂው በመድን ፈንድ በኩል ካሳ ያገኛል።

መድን ሰጪው የሚከፍለው ግን በተወሰነው ጣሪያ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት የወሰነው ካሳ ከጣሪያው በላይ ከሆነ ልዩነቱ በባለቤቱና በጥፋተኛው አሽከርካሪ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም አደጋውን ለመድን ድርጅቱ በወቅቱ ማሳወቅና ስምምነት ከመፈረም በፊት ማማከር ያስፈልጋል።

ሽምግልናና ዕርቅ

በጌዴኦ ሶንጎ ተብሎ በሚጠራው የሽማግሌዎች ሸንጎ አለመግባባቶችን መፍታት የቆየ ባህል ነው። የሟችን ቤተሰብና አሽከርካሪውን ማስታረቅ ቂምን ያስወግዳል፣ ካሳውንም በስምምነት ለመጨረስ ያስችላል። ይሁን እንጂ በቸልተኝነት ሰው መግደል በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ባለመሆኑ ዕርቁ የዓቃቤ ሕግን ክስ አያቋርጥም። የካሳው ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ የተከፈለውን ገንዘብና የተከፈለበትን ምክንያት በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ

በመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ለሚደርስ ጉዳት መሥሪያ ቤቱ እንደ ባለቤት ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ላደረሰው ጉዳት ካሳ የመክፈል ግዴታ እንዳለበት፣ በሥራ ምክንያት ለደረሰው ጥፋት መንግሥት ቢክስም ገንዘቡን ከሠራተኛው መልሶ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ አሽከርካሪ የአለቃውን ትእዛዝ መከላከያ አድርጎ ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም።

በመሆኑም የሥራ ኃላፊዎች ስብሰባ እንዳያመልጥ በሚል አሽከርካሪዎችን ከተወሰነው ፍጥነት በላይ እንዲነዱ ከማዘዝ፣ በጭነት ተሽከርካሪ ሰው ከማሳፈርና ዕረፍት ያላገኘን አሽከርካሪ ለሌሊት ጉዞ ከማሰማራት ሊቆጠቡ ይገባል። የፍሬንና የጎማ ምርመራ፣ የመድን እድሳትና የመንጃ ፈቃድ ቁጥጥር ከጉዞ በፊት የሚጠናቀቁ ተግባራት ናቸው።