አኳሪየምን ያለ ዓሣ በአሞኒያ ማዘጋጀት

አኳሪየምን ያለ ዓሣ ማዘጋጀት፣ አዲስ በተሞላ ገንዳ ማጣሪያ ውስጥ የዓሦችን አሞኒያ የሚያስወግዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ዓሣ ከመግባቱ በፊት እንዲራቡ የሚደረግበት ዘዴ ነው። ለተሕዋስያኑ ምግብ የሚሆነው አሞኒያ ለቤት ጽዳት ከሚሸጠው ፈሳሽ እየተለካ ይጨመራል። በቀድሞው ልማድ ጥቂት ጠንካራ ዓሦች ቀድመው ይገቡ ስለነበር፣ አሞኒያው እስኪወገድ ድረስ ብዙዎቹ ይጎዱ ወይም ይሞቱ ነበር።

ኬሚካዊ መሠረት

ዓሦች አሞኒያን በአብዛኛው በስንጥባቸው በኩል ያስወጣሉ፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ያመነጫል። ተሕዋስያኑ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። አሞኒያና ናይትራይት በትንሽ መጠንም ለዓሣ መርዝ ሲሆኑ፣ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው ናይትሬት ውሃ በመቀየር ይቀነሳል።

የተሕዋስያኑ ማንነት

ለውጡ የሕያዋን ሥራ መሆኑን ያሳዩት ፈረንሳውያኑ ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንትዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጡት ጥናት የፍሳሽ ውሃን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ቱቦ ሲያሳልፉ ለ20 ቀናት ያህል ለውጥ አልታየም፤ ከዚያ በኋላ ግን አሞኒያው ወደ ናይትሬት መለወጥ ጀመረ፤ ክሎሮፎርም ሲጨመርበት ደግሞ ሂደቱ ቆመ። በአዲስ አኳሪየም የሚታየው የመጀመሪያ መዘግየትም ምክንያቱ ይኸው፣ ማለትም ተሕዋስያኑ ቀስ ብለው የሚራቡ መሆናቸው ነው። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በዙሪክ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1890 ማሳተም በጀመረው ምርምር ሁለቱን እርምጃዎች የተለያዩ ባክቴሪያዎች እንደሚፈጽሟቸው አሳየ፤ ናይትሮሶሞናስና ናይትሮባክተር የተባሉትም ለረጅም ጊዜ በአኳሪየም መጻሕፍት የጸኑ ስሞች ሆኑ።

ይህ ማብራሪያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል። ቲሞቲ ሆቫኔክና ኤድዋርድ ዲሎንግ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት በጨው አልባ ውሃ አኳሪየሞች ውስጥ ናይትሮባክተርን ሊያገኙ አልቻሉም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ጥናትም ናይትራይትን የመለወጡን ሥራ ናይትሮስፓይራ ከተባለው ወገን ጋር አያያዘው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሲያትል አኳሪየም ካለ የባሕር ውሃ ገንዳ አሞኒያን የሚለውጥ አርኪያ ተገኘ፤ አርኪያ በመልክ ባክቴሪያን ቢመስልም በዘር ሐረጉ የተለየ ረቂቅ ሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በብዙ ጨው አልባ አኳሪየሞች ማጣሪያ ውስጥ አርኪያው ከባክቴሪያው ልቆ መገኘቱን፣ በተለይም አሞኒያ አነስተኛ በሆነበት ውሃ ይህ እንደሚጎላ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም እርምጃ ብቻቸውን የሚፈጽሙ የናይትሮስፓይራ ዓይነቶች መኖራቸው ታወቀ፤ ከናሙናዎቹ አንዱ የተወሰደው ከዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነበር። ከዚህ በመነሣት፣ በብዙ አሞኒያ የተራቡት ተሕዋስያን ዓሦች ከገቡ በኋላ ከሚጸኑት ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ የሚል ግምት ቢኖርም፣ ዘዴው በተግባር እንደሚሠራ አያከራክርም።

አሠራር

የሚመረጠው ሽቶ፣ ቀለምና ሳሙና ያልተቀላቀለበት አሞኒያ ነው። ጠርሙሱ ሲናጥ የሚወጣው አረፋ ወዲያው ካልጠፋ ሳሙና እንዳለበት ስለሚጠረጠር ለዚህ አገልግሎት አይውልም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ተሕዋስያኑን ስለሚገድል ውሃው አስቀድሞ በክሎሪን ማስወገጃ ይታከማል፤ ማጣሪያውም ያለማቋረጥ እንዲሠራ ይደረጋል።

የተለመደው መጠን በሊትር ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም አሞኒያ ሲሆን፣ ከ5 ሚሊግራም በላይ መጨመር አይመከርም። ለምሳሌ 100 ሊትር ውሃ በሚይዝ ገንዳ 2 ሚሊግራም በሊትር ለማግኘት 10 በመቶ ከሆነው ፈሳሽ 2 ሚሊሊትር ገደማ፣ 5 በመቶ ከሆነው ደግሞ 4 ሚሊሊትር ገደማ ይበቃል። ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅና ፒኤቹ ከ7 እስከ 8 ቢሆን እድገቱ ይፋጠናል። ለውጡ ራሱ አሲድ ስለሚያመነጭ ፒኤቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይወርዳል፤ ከ6.5 በታች ሲሆን ሂደቱ በእጅጉ ስለሚዘገይ፣ ከፊል ውሃ በመቀየር ወይም ጥቂት ሶዲየም ባይካርቦኔት በመጨመር ይስተካከላል።

በቀለም መለኪያ ጠብታ ሲመረመር በመጀመሪያ የአሞኒያው መጠን ይቀንሳል፤ ናይትራይቱ ግን ከፍ ብሎ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ሂደቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢወስድም መጠናቀቁን የሚወስነው የቀኑ ቁጥር አይደለም። የተጨመረው 2 ሚሊግራም በሊትር አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ካለቀና ናይትራይትም ካልታየ ማጣሪያው ዝግጁ ነው ይባላል። ከዚያ የተጠራቀመውን ናይትሬት ለመቀነስ አብዛኛው ውሃ ይቀየራል። ዓሦቹ ወዲያው የማይገቡ ከሆነ ተሕዋስያኑ እንዳይራቡ፣ ማለትም ምግብ እንዳያጡ፣ አነስተኛ አሞኒያ መጨመሩ ይቀጥላል።

ጥንቃቄ

አሞኒያ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ስለሚያቃጥል አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይለካል። ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጠር፣ በረኪና የነካው መለኪያ በደንብ ሳይታጠብ ለአሞኒያ አይውልም።

ሌሎች አማራጮች

ከአሞኒያ ፈሳሽ ፈንታ አሞኒየም ክሎራይድ ወይም የዓሣ ምግብ መጠቀም ይቻላል፤ የምግቡ መበስበስ ግን መጠኑን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ከቆየና ጤነኛ ከሆነ አኳሪየም የተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ ወደ አዲሱ ማጣሪያ ማስገባት ጊዜውን ያሳጥራል።