ስምንቷን አሳዪኝ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው መንዝ ነው፤ ውርጭ ገብሱን አጨማዶ በሚያድርበት በኅዳር ማለዳ። በእጄ የጆሮ ንቅሳት ፒንሳ ይዣለሁ፤ እግሬ ሥር የቀለም ጠርሙስና የቁጥር ሳጥን ተቀምጧል። ሁለት ወር ያልሞላው ወንድ ግልገል በባለቤቱ በእማማ ጉልበት መሃል ተይዞ ይጮኻል።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ በረደው» አሉኝ።

ቶሎ አልኩ። ጥፋቱም ከዚያ ላይ ተጀመረ።

የመንዝን በግ ለማያውቅ ልንገር። ቁመቱ አጭር ነው፤ ጸጉሩ ባና ይሠራበታል፤ ጆሮውም አጭር ነው። አንዳንዱማ ጆሮ አለው ለማለት እንኳ ያስቸግራል። በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ገበሬዎች በጋራ ሆነው አውራ በግ እየመረጡ የሚያራቡበት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ሥራው የሚቆመው በመዝገብ ነው። ግልገሉ የማን ነው? እናቱ ማን ናት? አባቱስ? ሲወለድ ስንት መዘነ፣ ጡት ሲጥል ስንት ደረሰ? ይህ ሁሉ የሚጻፈው በአንድ ቁጥር ስም ነው። ቁጥሩ ከጠፋ አባት ከገዛ ልጁ ጋር ይገናኛል፤ በጥቂት ትውልድም መንጋው ይመነምናል።

የፕላስቲኩን የጆሮ ቁጥር የመንደሩ ሰው «ጉትቻ» ይለዋል። ከሩቅ ይነበባል፤ ያ ጥሩ ነው። ግን እሾህ ይይዘዋል፣ አጥር ይነጥቀዋል፣ ጆሮውን ቀዶ ይወድቃል። ንቅሳት ግን አይወድቅም። ቀለሙ ከላይኛው ቆዳ ሥር ገብቶ ስለሚቀመጥ በጉ እስኪያረጅ አብሮት ይኖራል።

ፒንሳው እንዲህ ነው። በአንደኛው መንጋጋ ላይ ቁጥሮች ይሰካሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር የተሠራው ከተደረደሩ ጥቃቅን መርፌዎች ነው። ለበግ የሚሆኑት ቁመታቸው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሌላኛው መንጋጋ ጎማ አለ፤ መርፌዎቹ ጆሮውን አልፈው እዚያ ያርፋሉ። ቁጥሮቹ በብረቱ ላይ ሲታዩ የተገለበጡ ስለሆኑ ዓይን ይሳሳታል። ስለዚህ ከጆሮ በፊት ካርቶን ይነቀሳል። ካርቶኑ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ቁጥሩ በትክክል መሰካቱንና መርፌዎቹ ሁሉ መኖራቸውን።

ከዚያ ጆሮው በውስጥ በኩል በአልኮል ይጠረጋል፤ ቅባትና ኩክ ካለበት ቀለም አይዝም። ቦታ ሲመረጥ ከደም ሥር መራቅ ያስፈልጋል፤ ደም ከፈሰሰ ቀለሙን አጥቦት ይሄዳል። ቆዳው ላይ ቀለም ይቀባል፤ ጆሮው ጥቁር ከሆነ አረንጓዴ ይሻላል። ፒንሳው አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ይጨመቃል፣ ወዲያው ይለቀቃል። ማመንታት አይገባም፤ በግማሽ ጉልበት የተጨመቀ ግልገሉን ሁለት ጊዜ ያሳምማል። በመጨረሻ ቀለሙ በአውራ ጣት ወይም በጥርስ ብሩሽ እየታሸ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ቁስሉ ድኖ ቅርፊቱ እስኪወድቅ ድረስ ማንም አይነካውም።

እኔ ያን ማለዳ ካርቶኑን ዘለልኩት።

መዝለሌ ለምን ጎዳ መሰላችሁ? ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ሥራው ሲመሽብኝ ፒንሳውን ከነደሙና ከነቀለሙ ሳጥን ውስጥ ወርውሬው ነበር። ደሙ ደረቀ፣ ቀለሙ ጠጠረ፣ እርጥበቱ ዝገት ጠራ። ስምንት ቁጥር ላይ በግራ በኩል ያሉት መርፌዎች ተበልተው ተሰበሩ። ስምንት ግራ ጎኗን ስታጣ ምን እንደምትሆን በጣታችሁ ጻፉና እዩት። ሦስት ትሆናለች።

የእማማ ግልገል ቁጥሩ 188 ነበር። ከሁለት ቤት በኋላ የነቀስኩት ደግሞ 183።

ዓመት ዞሮ የአውራ ምርጫው ደረሰ። ከተሰበሰቡት ጠቦቶች ሁለቱ ደረታቸው ሰፊ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ሰው ሁሉ የሚያያቸው ሆኑ። ሁለቱም ጉትቻቸው ወድቋል፤ አብረው በወል ግጦሽ ስለከረሙ የቱ የማን እንደሆነ ጭቅጭቅ ነበር። መዝገቡን ገለጥን፤ አንደኛው እዚያው መንደር ሲያገለግል የከረመው አውራ ልጅ ስለሆነ ወደ ሌላ መንደር መሄድ አለበት። ገና ሳይነጋ ጋሼ፣ የመንደሩ መዝጋቢ፣ የእጅ ባትሪውን ከጆሮው ጀርባ አበሩ። ንቅሳት በጀርባ ብርሃን ሲታይ ጥቁር ጆሮ ላይ እንኳ ወለል ብሎ ይነበባል።

«አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት» አሉ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ቆዩ። «ይሄም አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት ነው።»

ማንም አልተናገረም። መርፌ ያልወጋውን ነጥብ ባትሪ አያመጣውም።

ሁለቱም ለአውራነት ሳይበቁ ቀሩ፤ ተኮላሹ፤ ሙክት ሆነው ለገበያ ወጡ። ከመንደሩ ምርጥ ጠቦቶች ሁለቱ በእኔ ያልታጠበ ፒንሳ ምክንያት ዘር ሳይተዉ ሄዱ። እማማ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አሳዩኝ፤ ሦስት ረድፍ ንቅሳት፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ አንዲት ነጥብ ያልጎደለችበት።

«የነቀሰችኝ ሴት በጥቀርሻና በመርፌ ነው የሠራችው» አሉ። «መርፌዋን እሳት ሳታሳይ፣ በጨርቅ ሳትጠርግ አንድ ልጅ አትነካም ነበር። አንቺ በዚህ ሁሉ ብረት ምን ሆንሽ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁን የማደርገውን ግን ልንገራችሁ። ሥራው እንዳለቀ፣ ከቡናው በፊት፣ ቁጥሮቹን አወጣለሁ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ በብሩሽ በመርፌዎቹ መሃል እፈትጋለሁ። በረኪና ተህዋስ ይገድላል፣ ግን ብረትም ይበላል፤ ስለዚህ አልኮል እመርጣለሁ። በደንብ አደርቃለሁ፣ መጋጠሚያው ላይ ጠብታ ዘይት አደርጋለሁ፣ የተሰነጠቀ ጎማ እቀይራለሁ። በአንዱና በሌላው በግ መሃልም መርፌውን ሳላጸዳ አልጨምቅም። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ የከብት ሉኮሲስ የሚባለው ቫይረስ ደም በነካው የንቅሳት ፒንሳ ከላም ወደ ላም ይሻገራል፤ የፍየልን መገጣጠሚያ የሚያሳብጠውም እንዲሁ በደም ሊሄድ ይችላል።

ጆሮ የሌለው ሲገጥመኝ በአሜሪካ ያሉትን ላማንቻ የሚባሉ ፍየሎች አስባለሁ፤ ጆሯቸው ከምንም ስለማይቆጠር የሚነቀሱት ከጭራቸው ሥር ባለው ጸጉር አልባ ቆዳ ላይ ነው። ለሁሉም ቦታ ይገኝለታል፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ነው።

ባለፈው ኅዳር እንደገና እማማ ደጅ ሄድኩ። መንታ ተወልዷል። አንደኛውን ጉልበታቸው መሃል አስገቡና ጆሮውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥርም አያነቡም።

«መጀመሪያ ካርቶኑ» አሉኝ። «ስምንቷን አሳዪኝ። ሁለት ቀለበት ያላትን።»

ካርቶኑን ነቀስኩና ወደ ፀሐይ አነሣሁላቸው። ብርሃን በነጥቦቹ ሾልኮ ፊታቸው ላይ ወደቀ። በጣታቸው ላይኛውን ቀለበት ዞሩ፤ ታችኛውን ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ከግልገሉ ጆሮ ላይ አነሡ።