ታች መረቅ፣ ላይ የጦር ዕዝ፦ የአንድ የሳይጎን ቤተሰብ ምግብ ቤት ታሪክ

በቬትናሟ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ በድሮ ስሟ ሳይጎን፣ ሊ ቺን ታንግ በሚባል ጎዳና ቁጥር 7 ላይ አንድ ጠባብ ምግብ ቤት አለ። ስሙ ፎ ቢን ነው። «ፎ» የቬትናሞች የሩዝ ኑድል ሾርባ ሲሆን «ቢን» ደግሞ ሰላም ማለት ነው። እንግዲህ «የሰላም ሾርባ» እንበለው። በ1968 የአሜሪካንን የጦርነት ስሌት ያናጋው ጥቃት በሳይጎን እንዲጀመር ትዕዛዝ የወጣው ከዚህ የሰላም ሾርባ ቤት ፎቅ ላይ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤቱ ንጎ ቶአይ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ቀን ቀን ሾርባ ይቀዳሉ፤ ከደንበኞቻቸው መካከል የአሜሪካ ወታደሮችም ነበሩበት። በ1967 መጨረሻ ደቡብ ቬትናም ውስጥ ከ480,000 በላይ የአሜሪካ ወታደር ስለነበር በሳይጎን ምግብ ቤት ከፍቶ አሜሪካዊ ደንበኛ ማጣት ነበር የሚከብደው። ወታደሮቹ ታች ጎድጓዳ ሳህናቸው ላይ ተደፍተው ሲበሉ፣ ጣሪያው በላይ ደግሞ በተለምዶ ቬትኮንግ የሚባለው የነጻ አውጪ ግንባር ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከተማዋን ከውስጥ እንዲመታ የተዘጋጀው ኤፍ 100 የተባለው ስውር ክፍል መናኸሪያው እዚህ ነበር።

ታዲያ ለምን ሾርባ ቤት? ይህን ለመመለስ ምግቡን ራሱን ማወቅ ይጠቅማል።

ፎ የጥንት የጠዋት ምግብ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ታሪኩ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙም አያልፍም፤ የትውልድ ስፍራው በሰሜን፣ ሃኖይና ናም ዲን አካባቢ ነው። ለቬትናም ገበሬ በሬና ጎሽ የእርሻ ጉልበት ናቸው። ለእኛ አገር ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ የሚያርስ በሬ እንደ ዋዛ አይታረድም። ፈረንሳዮች አገሩን ቅኝ ሲይዙ ግን የበሬ ሥጋ ፈላጊ ከተሜ መጣ። ሥጋው ሲሄድ አጥንቱ ቀረ። ቻይናውያንና ቬትናሞች የጎዳና ነጋዴዎች አጥንቱን ቀቅለው፣ በትከሻቸው በተሸከሙት እንጨት አንድ ጫፍ ድስቱን፣ በሌላው ጫፍ ኑድሉንና ሳህኑን አንጠልጥለው እየዞሩ መሸጥ ያዙ።

ወደ ደቡብ በብዛት ያወረደው ፖለቲካ ነው። በ1954 የጄኔቫ ስምምነት አገሪቱን በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ለሁለት ሲከፍላት ከ800,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ካቶሊኮች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ፎ ሳይጎን ውስጥ ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ በየመንገዱ የተስፋፋው ግን ያኔ ነው። ደቡቦቹም እንደመጣ አልተቀበሉትም። የባቄላ ዘር በቆልት፣ ሎሚ፣ የበሶብላችን ዘመድ የሆነ ቅጠልና ጣፋጭ ሶስ ጨመሩበት። ሰሜን የቀረው ፎ በአንጻሩ ደህየ። የግል ንግድ ተገድቦ በመንግሥት ቤት የሚሸጠው ሾርባ ሥጋ አጣ፤ ሃኖዮችም በራሳቸው ቀልደው «አብራሪ የሌለው ፎ» አሉት። ስሙን የወሰዱት ሰማያቸው ላይ ከሚያንዣብቡት፣ ሰው ከማይነዳቸው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላኖች ነው። ጦርነት ከሚያፈራቸው ቀልዶች ይህን የሚያህል አላውቅም።

ወደ ሾርባ ቤቱ እንመለስ። ጥሩ የፎ መረቅ አይቸኩልም። አጥንቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ተፈታቶ ጄላቲን እስኪሆንና መረቁን ወፈር እስኪያደርገው ሰዓታት ይፈጃል። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ የተጠበሰው ዝንጅብልና ሽንኩርት አብረው ይበስላሉ። እሳቱ ኃይለኛ ከሆነ ስቡ ከውኃው ጋር ተደባልቆ መረቁ ይደፈርሳል። ስለዚህ ለስለስ ባለ እሳት ሌሊቱን መቀቀል አለበት፤ ምክንያቱም ሰው ፎ የሚፈልገው ማለዳ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ነው።

አሁን ይህን በሰላይ ዓይን እዩት። እኩለ ሌሊት መብራት የበራበትና ጭስ የሚወጣበት ቤት፤ ከንጋት በፊት ጆንያና ቅርጫት ይዞ የሚገባ ሰው፤ ቀኑን ሙሉ የማይተዋወቁ ሰዎች መውጣትና መግባት፤ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ የሚሄድ ብቸኛ እንግዳ። ሌላ ቤት ላይ ይህ ሁሉ ጎረቤት ያስጠረጥራል። ሾርባ ቤት ላይ ግን ካልታየ ነው የሚያስጠረጥረው። የቤተሰብ ሥራ መሆኑም ረድቷል። የሚያበስለውና የሚያስተናግደው ዘመድ ከሆነ «ይሄ ደግሞ ማነው?» የሚል የለም፤ አዲስ ፊት ቢመጣ የአጎት ልጅ ይሆናል። እንደ እኔ ንባብ የፎ ቢን ምሥጢር የተጠበቀው በመደበቅ ብቻ ሳይሆን በግልጽ በመታየትም ነው።

ከተማዋ ውስጥ ይህ ዘዴ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ለፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት የውስጥ ማስዋብ ሥራ ይሠራ የነበረው ተቋራጭ ትራን ቫን ላይ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ከወለሉ ሥር የጦር መሣሪያ ማከማቻ ቆፍሮ ነበር። መሣሪያው ከተማ የሚገባው በአትክልትና በሌላ ሸቀጥ ተሸፍኖ ነው።

ጥቃቱ የተቀጠረው ለቴት፣ ለቬትናሞች አዲስ ዓመት ነበር። ቴት ትልቁ አውዳመታቸው ነው። ሰው ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ጦርነቱም ለጥቂት ቀናት ጋብ ይላል። በዚያ ዓመትም ተኩስ አቁም ታውጆ ብዙ የደቡብ ቬትናም ወታደሮች ፈቃድ ወጥተው ነበር። በጥር 30 እና 31 ሌሊት 80,000 ገደማ ተዋጊዎች በመላው ደቡብ ተነሡ፤ ከ44 የክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች 36ቱ ተመቱ። በሳይጎን ከፎ ቢን ፎቅ ትዕዛዝ የተላለፈላቸው ትናንሽ ቡድኖች ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ ሬዲዮ ጣቢያውና ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ሄዱ። ኤምባሲው ግቢ የገቡት ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። ስድስት ሰዓት ያህል ተዋጉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል እዚያው ሞቱ።

በወታደራዊ ሚዛን ጥቃቱ ከሸፈ። ይጠበቅ የነበረው የሕዝብ አመፅ አልተነሣም፤ ግንባሩም እጅግ ብዙ ሰው አጣ። ነገር ግን «ድሉ ቀርቧል» ሲባል የኖረው የአሜሪካ ሕዝብ የኤምባሲውን ግቢ ውጊያ በቴሌቪዥኑ አየ። መጋቢት 31 ቀን ፕሬዚዳንት ጆንሰን ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። በእነዚያ ዓመታት በሰልፍ የሆ ቺ ሚንን ስም እየጠሩ ይዘምሩ የነበሩት የአዲስ አበባ ተማሪዎችም የሰሙት ቬትናም ይህንኑ ነበር።

ለቤተሰቡ ግን ነገሩ ዓለም አቀፍ ፖለቲካ አልነበረም። ወዲያው ፖሊስ ሾርባ ቤቱን ከበበ። ንጎ ቶአይ ተይዘው ተሠቃዩ፤ ለዓመታትም ታሰሩ። በቤቱ የተገኙ ሌሎችም ተይዘዋል፣ የተገደሉም አሉ። አንድ ሰው ለዓላማው የራሱን ሕይወት ሲያስይዝ ጀግና ይባላል። የቤተሰብ ምግብ ቤት ሲያስይዝ ግን አብሮ የሚያስይዘው ድስት የሚያጥበውን ልጅና ቅጠል የምትለቅመውን ዘመድም ጭምር ነው። ከእነሱ መካከል ስንቱ አውቆ፣ ስንቱ ሳያውቅ ገባ የሚለው ጥያቄ የመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

ሰሌዳ ደግሞ አለ። በ1975 ሰሜኖች ካሸነፉ በኋላ ቤቱ በመንግሥት በታሪክ ቅርስነት ታወቀ። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ፎቶግራፎችና የዘመኑ ዕቃዎች የተቀመጡበት አነስተኛ ሙዚየም ሆነ። እዚህ ላይ ታሪክ አንባቢ ጥንቃቄ ቢያደርግ ጥሩ ነው። የአሸናፊ ሙዚየም የራሱን ሰማዕታት ይቆጥራል። በዚያው የቴት ጥቃት ግንባሩና የሰሜኑ ጦር ለሳምንታት በያዟት ሁዌ ከተማ ብዙ ሲቪሎች ተረሽነዋል፤ የሳይጎን ሰፈሮችም በአሜሪካና በደቡብ ቬትናም ጦር የአየር ድብደባ ተቃጥለዋል። ሁለቱንም ከዚህ ክፍል ግድግዳ ላይ ብቻ አንማርም።

ምግብ ቤቱ ግን ሙዚየም ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ቤተሰቡ ሾርባውን መሸጡን ቀጥሏል። ከሚመጡት ጎብኚዎች መካከል ድሮ በዚያ ጦርነት የተዋጉ አሜሪካውያንም ይገኙበታል። ቀድሞ ታች ተቀምጠው ይበሉ የነበሩት ወታደሮች መውጣት ያልቻሉበትን ደረጃ አሁን ይወጣሉ፣ ፎቶዎቹን ያያሉ፤ ከዚያ ይወርዱና አንድ ሳህን ፎ ያዝዛሉ።