የትራንዚስተር አመጣጥ

ትራንዚስተር ሲባል ቀደም ባለው ጊዜ በአገራችን የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው በባትሪ ድንጋይ ወደሚሠራው ትንሽ ራዲዮ ነበር። ስሙ ግን በራዲዮው ውስጥ ያለችው የአንዲት ቅንጣት መሣሪያ ስም ነው። ከእርሷ በፊት ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎላው የብርጭቆ ቫልቭ ነበር፤ ቫልቭ ደግሞ ክሩ እስኪግል ያስጠብቃል፣ ብዙ ኃይል ይፈጃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዊልያም ሾክሌይ በ1945 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቫልቭን የሚተካ ሐሳብ አቀረበ። ከፊል አስተላላፊ ከሆነ ስስ ቁራጭ አጠገብ የብረት ሰሌዳ አኑሮ ቮልቴጅ ቢሰጠው፣ በቁራጩ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት እንደ ቮልቴጁ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሙከራው ግን የተጠበቀውን ውጤት አልሰጠም።

ምክንያቱን ያስረዳው ጆን ባርዲን ነው። በቁራጩ ገጽ ላይ ተይዘው የቀሩት ኤሌክትሮኖች እንደ ጋሻ ሆነው የኤሌክትሪኩን መስክ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከለክሉታል አለ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ትኩረት ወደ ገጹ ዞረ። በአስተያየታችን የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ይህ ነው።

በእጅ ሥራ የተካነው ዋልተር ብራተን የአንድ ባለሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ጠርዝ በስስ የወርቅ ልባጥ ሸፍኖ ጫፉን በምላጭ ሰነጠቀው፤ በሞላ እየተጫነም በጀርማኒየም ቁራጭ ላይ አሳረፈው። በሁለቱ የወርቅ ጫፎች መካከል የነበረው ርቀት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነበር። ዲሴምበር 16 ቀን 1947 መሣሪያው ሠራ። ኤሚተር ከተባለው ጫፍ የኤሌክትሮን ጉድለቶች፣ በባለሙያ አነጋገር «ቀዳዳዎች»፣ ወደ ጀርማኒየሙ ይገባሉ፤ ኮሌክተር የተባለው ሁለተኛው ጫፍ በተቃራኒ ቮልቴጅ ይስባቸዋል። ከቁራጩ ሥር ያለው ሦስተኛው መገናኛ ቤዝ ነው። በኤሚተሩ ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ በኮሌክተሩ በኩል ኃይሉ በዝቶ ይወጣል። ትርፉ ኃይል የሚመጣው ከባትሪው ነው፤ ትራንዚስተር ትንሹ ምልክት ትልቁን እንዲገዛ ያደርጋል እንጂ ኃይልን አይፈጥርም። ዲሴምበር 23 ቀን ለኃላፊዎች በታየ ጊዜ የድምፁ ምልክት ኃይል 18 እጥፍ ያህል ጎላ።

ሾክሌይ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ባለመሆኑ ቅር ተሰኘ። ቅሬታው ግን ፍሬ አልባ አልነበረም፤ በጃኑዋሪ 1948 የወርቅ ጫፍ የማያስፈልገውን፣ ሦስት ንብርብር ያለውን ትራንዚስተር ነደፈ። በ1956 ሦስቱም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

የ1945ቱ ሐሳብስ? በዚያው ላቦራቶሪ ግብፃዊ ተወላጁ መሐመድ አታላና ኮሪያዊ ተወላጁ ዳዎን ካንግ የሲሊኮንን ገጽ በራሱ ኦክሳይድ ሸፍነው ያንን ጋሻ አዳከሙት፤ መሣሪያቸውንም በ1960 ለባለሙያዎች አስታወቁ። ዛሬ በአንድ የእጅ ስልክ ቺፕ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩት ትራንዚስተሮች የዚያ ዓይነት ናቸው።