ሀድያ እንሰትን መቼ ተከለ?

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የሚጓዝ ሰው በየደጁ ቤቱን ከቦ የቆመውን እንሰት ሲያይ፣ ሀድያም ከምባታም ከጥንት ጀምሮ ቆጮ በል ነበሩ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ስለ ከምባታ ልክ ነው፤ በአንባሪቾ ተራራ ዙሪያ እንሰት የቆየ ተክል ነው። የሀድያ ታሪክ ግን ሌላ ነው ባይ ነኝ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ ሀድያን 40,000 ፈረሰኛ የሚያሰልፍ አገር አድርጎ ጽፎታል። ቁጥሩ ተጋኖ ይሆናል፤ ቢሆንም ፈረስ ሰፊ የግጦሽ መስክ ይፈልጋል፣ መስኩ የተረፈው ሕዝብ ደግሞ እንሰት እንዲጎርስ የሚያስገድደው ነገር የለም። የሀድያን ታሪክ ያጠናው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐርም የሚያሳየን ከብት አርቢና እህል ዘሪ የነበረ፣ በኋላ ግን ከጎረቤቶቹ ተምሮ ወደ እንሰት ያዘነበለ ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ ጥሩ ሙግት ይነሳል። እንሰት በሀድይኛም በከምባትኛም «ዌሳ» ነው፤ ሲዳማዎችም «ዌሴ» ይሉታል። ስሙ የጋራ ከሆነ ተክሉም የጋራና ጥንታዊ መሆን አለበት ማለት ነው? ስሙ ጥንታዊ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን ተክሉን ማወቅ አንድ ነገር፣ በእርሱ ማደር ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንሰትን ጎንደር አካባቢ አይቶ ሥዕሉን አሳትሟል፤ የዛሬው ጎንደሬ ግን ቆጮን የሚያውቀው ከጉራጌ ምግብ ቤት ነው። ሰው ተክልን ይይዛል፣ ይተዋል፣ መልሶም ይይዛል።

ሀድያን ወደ እንሰት የገፋው በዋናነት የግጦሹ መጥበብ ይመስለኛል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ የኢትዮጵያን በረት ባዶ አድርጎታል፤ የምኒልክ ጦር መምጣትም የመሬቱን ይዞታ ቀየረው። «እንሰት ያለ ፍግ አይበቅልም፤ ከብቱ ካለቀ ፍጉ ከየት መጣ?» ቢባል፣ መልሱ ቤት ውስጥ ታስረው የሚያድሩ ሁለት ሦስት ላሞች የጓሮ እንሰትን ይመግባሉ የሚል ነው። ያከተመው በመስክ የሚነዳው መንጋ ነው።

የለውጡን ዋጋ የከፈለችው በይበልጥ ሴቷ ናት። ወንዱ ይተክላል፣ ያዛውራል፤ መፋቁ የእርሷ ነው። ዘመም ባለ ጣውላ ፊት ትቀመጥና የግንዱን ልጣጭ በተረከዟ ደግፋ በቀርከሃ መፋቂያ እየገፋች ሥጋውን ከቃጫው ትለያለች። ከሚጨመቀው ውኃ ሥር ቡላው ይዘቅጣል፤ የተፋቀው ደግሞ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። እህል ዘርቶ በዓመቱ ሲያጭድ ለኖረ ሰው ይህን መማር፣ በዚያ ላይ ተክሉ እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት መታገሥ ቀላል አልነበረም።

እንሰት ያለበት አገር አይራብም የሚለውን አባባል ግን እንዳለ አልወስደውም። በ2000 ዓ.ም. በሀድያና በከምባታ መሬቱ ለምልሞ ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎድተዋል፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ይኸው ነው። እንሰት የሚያድነው የደረሰ ተክል በጓሮ ሲኖር ነው፤ መሬቱ ጠቦ ያልደረሰው ከተፋቀ የከርሞው ቀለብ ዘንድሮ ተበላ ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በሳይንስ መጽሔት ያስታወቁት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ደግሞ የደረሰውንም ያልደረሰውንም አይምርም። እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፣ የነካው ቢላዋም በእሳት ይለበለባል።