እመት ሪህ እና የዘጠኝ ሳንቲሟ ኪኒን

ሪህ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚሉን ጋቢ ለብሰው እግራቸውን የሚያሹ ሽማግሌ ናቸው። ፈረንጆቹ ግን ለዘመናት የነገሥታትና የመኳንንት በሽታ እያሉ ሲያሽሞነሙኑት ኖረዋል። ሥጋውም ወይኑም እነሱ ቤት ነበራ! (ዓመቶቹ በሙሉ በእነሱው አቆጣጠር ናቸው።)

መቶ ዶላር ላይ ያሉት ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1780 ፓሪስ አጠገብ ሆነው ሪህ ቢያሠቃያቸው፣ ብዕር አንስተው ከበሽታው ጋር የተጨቃጨቁበትን ጽሑፍ ጻፉ። እመት ሪህ ቼዝ ላይ ተጎልተው መዋላቸውን፣ በሠረገላ እንጂ በእግር አለመሄዳቸውን እየዘረዘረች ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች። በሽታዋን ሴት ማድረጋቸው ግን አልተዋጠልንም። ሂፖክራተስ እንኳ ሴት የወር አበባዋ ሳይቋረጥ ሪህ አይዛትም ብሎ ነበር። ብዙም አልተሳሳተም፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወጣ ያግዛል። አሲዱ ደም ውስጥ ሲበዛ ነው እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ በተለይ የእግር አውራ ጣት ላይ የሚሰካው።

መድኃኒቱስ? ኮልቺሲን ከአንድ አበባ የሚወጣ ሲሆን፣ የአበባውን ዘመዶች የትራሌሱ አሌክሳንደር የተባለ ሐኪም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለሪህ ያዝዝ ነበር። አበባው ግን መርዝ ነው። ሐኪሞች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሕመሙ እስኪተው ወይም ተቅማጥ እስኪጀምር በየሰዓቱ ዋጥ ይሉ ነበር። መጸዳጃ ቤት ቅርብ የሆነለት ምንኛ ታደለ!

ከሁሉም የወደድናት ግን ገርትሩድ ኤሊየንን ነው። በኬሚስትሪ ተመርቃ፣ ሴት በመሆኗ ላቦራቶሪ የሚቀጥራት አጥታ፣ አንድ ሰሞን የኪያር ኮምጣጤ አሲድ ስትለካ የኖረች ኒውዮርካዊት ናት። (ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች፣ አይዞን!) ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር አሎፑሪኖልን ያጠኑት ለደም ካንሰር መድኃኒት አጋዥ እንዲሆን ነበር። እግረ መንገዱን ዩሪክ አሲድን ዝቅ አደረገላቸው፤ በ1966 ለሪህ ተፈቀደ። በ1988 ያለ ዶክትሬት ዲግሪ ኖቤል ወሰደች።

አሁን ወደሚያበግነው። ኮልቺሲን አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተሸጠው መደበኛ ፈቃድ ሳይኖረው ነው፤ ከፈቃድ ሕጉ በፊት የነበረ መድኃኒት ነውና። በ2009 አንድ ኩባንያ ጥናት አቅርቦ ፈቃድ አገኘ፤ ለድንገተኛ የሪህ ሕመም የሦስት ዓመት ብቸኛ ሻጭነትም ተጨመረለት። በ2010 ሌሎቹ አምራቾች እንዲያቆሙ ታዘዙ። 9 ሳንቲም የነበረችው ኪኒን 4 ዶላር ከ85 ገባች። በቀን ሁለት የሚውጥ ሰው በወር ስድስት ዶላር የማይሞላ ይከፍል የነበረው 291 ዶላር ተጠየቀ፤ ለዚያችው አበባ።