ዱቄትና ደቂቃ

የጅማን መንገድ ይዘው ሰበታ፣ የአምቦን ይዘው ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ቢገቡ፣ መንገድ ዳር የማያጡት አንድ ጽሑፍ አለ፦ «ባልትና»። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ እርዱ በላስቲክ ታሽጎ ተደርድሯል። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ከነዋሪው ብዙው ግን ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ተጋፍቶ አዲስ አበባ ይገባል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሱቁ ባለውለታ ነው።

ስሙ ግን የሱቅ ስም አልነበረም። በግእዝ በዓል ማለት ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው፤ ሴቲቱ በዓልት ትባላለች። ባል፣ ባለቤት፣ ባልቴት ከዚያው የወጡ ናቸው፤ በብሉይ ኪዳን ነቢያት የተዋጉት የከነዓን ጣዖት በኣልም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። በዓልት ላይ እንደ ክርስትናና ቁንጅና «ና» ሲቀጠል ባልትና ሆነ። የቤት እመቤትነት ሙያ ማለት ነው። አንዲት ሴት ባልትና «ታውቃለች» ይባል ነበር፤ አሁን ባልትና «ይገዛል»።

ለምን እንደሚገዛ ደግሞ ዱቄት የሚለው ቃል ራሱ ይነግረናል። ደቀቀ በግእዝ ላመ፣ ተሰባበረ ነው፤ ደቂቅም ትንሽ፣ ልጅ። በዐረብኛ ደቂቅ ዱቄት ሲሆን ደቂቃ ያው የሰዓታችን ደቂቃ ነው። እህል ሲደቅ ዱቄት፣ ሰዓት ሲደቅ ደቂቃ። ሁለተኛው ሲያጥር የመጀመሪያውን ከሱቅ እናመጣለን።

የጓዳ ስሞች ብዙዎቹ የሥራ ስሞች ናቸው፦ ቆሎ የተቆላ፣ ክክ የተከካ፣ ንፍሮ የነፈረ። ወፍጮም ከፈጨ የወጣ ነው። «መፍጮ» ያልተባለው በአማርኛ በከንፈር የሚነገሩ ድምፆች (በ፣ ፈ) ባሉባቸው አንዳንድ ቃላት ላይ የመሣሪያው «መ» ወደ «ወ» ስለሚያደላ ነው። የግእዙ መንበር ወንበር፣ መስፌ ወስፌ ሆኗል፤ ከነፋ የወጣው ወንፊትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ሙቀጫ ግን ከወቀጠ ወጥቶ «መ»ውን ይዞ ቀርቷል።

በርበሬ የመጣው ከሩቅ ነው። ተክሉ ከአሜሪካ አህጉር ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሰራጨ ነው። ስሙን ግን ቁንዶ በርበሬን ከሚጠራው ከግሪኩ ፔፔሪ ጋር የሚያዛምዱ ሊቃውንት አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ። ስሙ አሮጌ፣ ዕቃው አዲስ። የዝንጅብል ስም ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አልፎ ደርሶናል። የቀረፋ ደግሞ ሳናስተውለው የምናውቀው ነው፤ በዐረብኛ ቂርፋ ልጥ ነው፣ የእኛም ቅርፊት ከአንድ ሥር። ኮረሪማ በተቃራኒው ከእኛ ወጥቷል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት በላቲን አፍራሞሙም ኮረሪማ ብለው ሲመዘግቡት ስሙን አልቀየሩትም።

ከሁሉ የምወደው ምጥን ነው። ምጥን ሽሮ ማለት ቅመሙ ተለክቶ የገባበት ሽሮ ነው፤ መጠን ከዚያ ነው፣ ምጣኔ ሀብት የምንለው ትልቁ ትምህርትም ከዚያ። የግሪኩ ኦይኮኖሚያም ትርጉሙ የቤት አስተዳደር ስለሆነ ቃሉ ጓዳውን ያወቀ ሰው የሰየመው ይመስላል። ሥራውን ቀረብ ብለን ብናየው፣ መልቀም፣ መቁላት፣ መክካት፣ ማንገዋለል፣ መፍጨት ሁሉ ጉልበትና ጊዜ ነው። ክኩን ከገበያ ገዝቶ መፍጨቱን ለወፍጮ ቤት መስጠት ይቻላል። ለአንድ ማታ የሚቀረው ክኩን በምጣድ አመስ አመስ አድርጎ፣ ኮረሪማውን ፈልፍሎ፣ ደረቁን ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላውንና ጨውን መለካት ነው። ይህ ብዙ ሰዓት የማይወስድ ሥራ ነው፤ ሽሮውን የእገሌ ቤት ሽሮ የሚያሰኘውም እሱ ብቻ ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና በሚሰማበት አገር ደግሞ ነገሩ የጣዕም ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ቅቤውም እንዲሁ። ሱሉልታ የሰላሌ ቅቤ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድበት መንገድ ላይ ናት። ለጋውን ቅቤ ከኮሰረት፣ ከኮረሪማና ከአብሽ ጋር በለስላሳ እሳት ጥዶ ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ አረፋው ይነሣል፣ ውኃው ይተንናል፣ ዝቃጩ ወደ ታች ወርዶ ተጣርቶ ይወጣል። ውኃና ዝቃጭ ስለሌለበት ነው ንጥር ቅቤ ብዙ ጊዜ የሚቆየው። ነጠረ፣ አነጠረ፤ ወርቅ የሚያቀልጠው አንጥረኛ ይባላል፣ የኬሚስትሪው ንጥረ ነገርም ያው ነው። በዚህ ቅቤ ላይ የተቆላ የገብስ ዱቄት ሲለወስ ጭኮ ይሆናል፤ በኦሮምኛ ጩኮ፣ በእነዚህ ከተሞች ሁለቱም ይሰማል። እሳት ሳይነድ የሚበላ ቁርስ ነው፤ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላውቅም።

ስለዚህ መክካቱን ለገበያ፣ መፍጨቱን ለወፍጮ ቤት ስጡ፤ ምጠናውን ለማንም አትስጡ። ወፍጮ ቤት ስትደርሱም ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ የበርበሬው ወፍጮ ለብቻ ካልሆነ ከሽሯችሁ መጀመሪያ የሚወጣውን እፍኝ ለብቻው አስቀምጡ።